የድንጋይ ንባብ፤ የኤኖ ሊትማን ትምህርትና የአክሱም ጽሕፈት

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በሦስት ዕቃ ቤት ይጠበቃል፤ በመጽሐፍ፥ በሰው ቃልና በድንጋይ። መጽሐፍ ይቃጠላል፥ ብልም ይበላዋል፤ ቃልም ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይቀበራል፤ ድንጋይ ግን ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ሺህ ዓመት ዝም ብሎ የሚያነበውን ሰው ይጠብቃል። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱን የያዘ ሊቅ ብዙ ነው፤ ሁለቱን የያዘ ጥቂት ነው፤ ሦስቱንም አንድ አድርጎ የያዘ ግን ከስንት ዘመን አንድ ጊዜ ይገኛል። ከነዚህ አንዱ የአክሱምን ጽሕፈት አንብበው ለዓለም ያሳተሙት ጀርመናዊው ፕሮፌሶር ኤኖ ሊትማን ነበሩ።

ስለ እኒህ ሰው ለመጻፍ ያነሣሣን የባዕድን ሊቅ ማመስገን ብቻ አይደለም። በጎጃም ደጋ ከዲማ እስከ ዋሸራ፥ ከደብረ ኤልያስ እስከ ጎንጅ የግእዝ ቅኔ ሲዘረፍ፥ ግሥ ሲገሠሥ፥ አገባብ ሲነገር ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል። የግእዝን ቋንቋ እንደ እናታቸው አፍ የሚያውቁ መምህራን በዚህ ሁሉ አድባር ሞልተው ሳሉ፥ ግእዝ ገና በልጅነቱ የተቀረጸበትን ድንጋይ በመጽሐፍ አስገብቶ ያስነበበው በሰሜን ጀርመን የተወለደ ሰው ነው። ይህ ስለ ምን ሆነ? እሳቸው የነበራቸው እኛም የጎደለን ምን ነበር? እኛስ የነበረን፥ እሳቸውም ከኛ የተቀበሉት ምን ነበር? የሊትማን የሥራ ዘመን በቅደም ተከተል ቢነገር ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። በዚህ ጽሕፈት የዘመኑ ቍጥር «ዓ.ም.» የሚለው በሀገራችን፥ «እ.ኤ.አ.» የሚለው በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ የዛፉን ሥር ማየት ይገባል። በጀርመን አገር የግእዝን ትምህርት የተከለው አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ነው፤ እኒህም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1649 የኤርፉርት ተወላጅ ሂዮብ ሉዶልፍ በሮም ከተማ አግኝቷቸው ግእዝንና አማርኛን ከሳቸው ተማረ። በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን ሄደው በጎታ በመስፍኑ ቤት ተቀመጡ፤ ስለ ሀገራቸው ሃይማኖት፥ ሕግና ልማድ የተጠየቁትንም ሁሉ መለሱ። ሉዶልፍ ያሳተመው ሰዋስው፥ መዝገበ ቃላትና የኢትዮጵያ ታሪክ በዚህ ትምህርት ላይ የቆመ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ሰጠሙ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አውጉስት ዲልማን የግእዝን ሰዋስው በ1857፥ ታላቁን መዝገበ ቃላት በ1865 እ.ኤ.አ. አወጣ። ሊትማን የተወለዱት ይህ ከኢትዮጵያ የሄደው ተክል በሰው አገር አድጎ ፍሬ በሰጠበት ዘመን ነው።

ኤኖ ሊትማን በመስከረም 1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1875) በኦልደንቡርግ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውንም እንደ ቅኔ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር እየተዘዋወሩ ፈጸሙ፤ በበርሊን፥ በግራይፍስቫልድ፥ በሐሌ፥ በመጨረሻም በዚያን ጊዜ የጀርመን በነበረው በስትራስቡርግ ተማሩ። በስትራስቡርግ የነበሩት መምህር ቴዎዶር ኖልደኬ በሴም ልጆች ቋንቋዎች ዕውቀት በዘመኑ አቻ ያልነበራቸው ሊቅ ነበሩ። ሊትማን የዶክተርነት ማዕረግ ያገኙበት እ.ኤ.አ. በ1898 ያቀረቡት ጽሕፈት ስለ ትግረ ቋንቋ ግሥ ነው። በዚያን ጊዜ የትግረን ምድር በዓይናቸው አላዩም፤ ግሡን ግን ከነርባታው አውቀውት ነበር። የሀገራችን መምህራን ርባ ግሥ ሳያውቁ ቅኔ መቀኘት እንደማይቻል እንደሚያስተምሩ፥ እሳቸውም ከግሥ ጀመሩ።

ከዚህም በኋላ የኢትዮጵያን መጻሕፍት ማተም ያዙ። ደብተራ ዘነብ የጻፈው የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ በአማርኛው እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1902 የታተመው በሊትማን እጅ ነው። በ1904 ደግሞ በአክሱም አገር ስለ ንግሥተ ሳባ የሚነገረውን ትውፊት አሳተሙ። በኢየሩሳሌም ያሉትንም የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት መረመሩ። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ዕቃ ቤት፥ የመጽሐፍ ዕውቀት ነበር።

የድንጋይን ንባብ ግን የተማሩት በኢትዮጵያ ሳይሆን በሶርያ በረሃ ነው። አሜሪካዊው ሀዋርድ ክሮዝቢ በትለር የጥንቱን ሕንፃ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ ሶርያ ሲሄድ ሊትማን ጽሕፈት አንባቢ ሆነው አብረውት ወጡ፤ በ1904ም ሁለተኛ ሄዱ። በዚያ ምድረ በዳ የግመልና የበግ እረኞች በጥቍር ድንጋይ ላይ ስማቸውን፥ የአባቶቻቸውን ስም፥ ኀዘናቸውንና ጸሎታቸውን ጽፈው አልፈዋል። አናባቢ የሌለው፥ አንዳንዴም ከቀኝ አንዳንዴም ከግራ የሚጀምር ጽሕፈት ነው። ሊትማን ይህን በፀሐይ ሐሩር ድንጋይ በድንጋይ እየቀዱ የዓይናቸውንና የእጃቸውን ልምድ አሠለጠኑ። ድንጋይ ማንበብ ቋንቋ ማወቅ ብቻ አይደለምና፤ የተሸረፈውን ፊደል ካልተሸረፈው መለየት፥ ጥላው በማለዳና በሠርክ እንዴት እንደሚወድቅ ማወቅ፥ የጠፋውንም ቦታ ለክቶ ስንት ፊደል ይይዝ እንደ ነበር መገመት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውን ዕቃ ቤት፥ የሰውን ቃል፥ ያገኙት በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ1905 መጨረሻ) ነው። የአሜሪካው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ልኳቸው ዛሬ በኤርትራ ወዳለው ወደ መንሳዕ አገር መጡ። በገለብም የስዊድን ሚሲዮን ተማሪ የነበረውን ናፍዕ ወድ ዕትማን የተባለውን የመንሳዕ ተወላጅ አገኙ። ናፍዕ የሕዝቡን ተረት፥ ልማድ፥ የሰው ስም አወጣጥ፥ ሙሾና ዘፈን በትግረ ቋንቋ ሰበሰበ፥ ጻፈ፥ ተረጐመ። በኋላም ባሕር ተሻግሮ ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ ከሊትማን ጋር ሥራውን ቀጠለ። የፕሪንስተን መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምረው ሲወጡ የትግረ ሕዝብ የአፍ መዝገብ ከነቋንቋው ለትውልድ ተረፈ።

ናፍዕ ግን መጻሕፍቱን ታትመው አላያቸውም። እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ሀገሩ ሲመለስ በባሕር ጕዞ ላይ ሳለ ጠፋ። አንባቢ ሆይ፥ ሁለቱን አስተያይ። ሉዶልፍን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በባሕር ቀሩ፤ ሊትማንን ያስተማረው ናፍዕም ከ251 ዓመት በኋላ በባሕር ቀረ። ሁለቱም የሀገራቸውን ዕውቀት አድርሰው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ነበር። የሉዶልፍና የሊትማን ስም በኤውሮፓ መዛግብት ሁሉ ሲጠራ የነዚህ የሁለቱ ስም የሚታወሰው በጥቂት ሰዎች ዘንድ ነው። ባሕሩን ማን ይከሰዋል? ስማቸውን አለመጥራት ግን የሰው ጥፋት ነው፤ ስለዚህም በዚህ ገጽ ጠራናቸው።

አሁን ወደ አክሱም እንመለስ። በ1897 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1905) የጀርመን መንግሥት መልእክተኛ ፍሪድሪሽ ሮዘን አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋዋለ። በዚያ ጊዜ የአክሱም ቅርስ ነገር ተነሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ጀርመኖች እንዲመረምሩት ፈቀዱ፤ የጀርመኑም ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ሊቃውንት እንዲላኩ አዘዘ። የጕዞው አለቃ ሊትማን ሆኑ። ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕኬ የተባሉ ሁለት የሕንፃ ሊቃውንት፥ ኤሪክ ካሽኬ የሚባል ሐኪምም አብረው ነበሩ። በጥር 1898 ዓ.ም. አክሱም ገቡ፤ የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴም በክብር ተቀብለው ረዷቸው። ሦስት ወር ያህል ሠርተው ተመለሱ።

ሦስት ወር ለእንዲህ ያለ ሥራ ምንኛ አጭር ነው! ነገር ግን ሥራውን ተከፋፍለውት ነበር። ክሬንከር ሐውልቶቹን፥ አብያተ ክርስቲያናቱንና የነገሥታቱን ቤት መሠረት በገመድና በሜትር እየለካ በወረቀት ይነድፍ ነበር፤ ፎን ሉፕኬ በፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ ካሽኬ የታመመውን ሲያክም ውሎ የሕዝቡን ዜማ በሰም በርሜል በሚቀዳው መኪና ያስቀር ነበር፤ ሊትማን ጽሕፈቱን ያነቡ ነበር። ጽሕፈቱንም የወሰዱት ድንጋዩን ነቅለው አይደለም። እርጥብ ወረቀት በድንጋዩ ፊት ላይ ለጥፎ በብሩሽ ሲመቱት ወረቀቱ በፊደሉ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅም ፊደሉን እንደ ማኅተም ይዞ ይነሣል። ወረቀቱ ወደ በርሊን ሄደ፥ ድንጋዩ በቦታው ቀረ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥርዓት ነው።

የአክሱምን ጽሕፈት አስቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 የጽርኡን (የግሪኩን) ጽሕፈት ቀድቶ ነበር፤ ቴዎዶር ቤንትም በ1893 መጥቶ ነበር። ግን ሁሉንም በአንድነት ለክቶ፥ ቍጥር ሰጥቶ፥ ከንባቡና ከትርጓሜው ጋር ያቀረበ የሊትማን ጕዞ ነው። ዋናው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ በጽርእ፥ አንድ ጊዜ በግእዝ በገዛ ፊደሉ፥ አንድ ጊዜም በሳባውያን ፊደል። ይህ በሳባ ፊደል የተጻፈው ላይ ላዩን ሲያዩት የሳባ ቋንቋ ይመስላል፤ ሲያነቡት ግን ግእዝ ነው። ጸሓፊው ሳባዊ ለማስመሰል በየቃሉ መጨረሻ «ም» እየጨመረ አስጊጦታል። የጥንት ጸሓፊም እንደ ዛሬ ሰው ለታላቅነት ሲል የጥንት ልብስ ይለብስ ነበር ማለት ነው።

በገዛ ፊደሉ የተጻፈው ግእዝም አናባቢ የለውም፤ ሁሉም በግእዝ (በመጀመሪያው ፊደል) ነው። ስለዚህ ነ፥ ገ፥ ሠ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ያየ ሰው «ነገሠ» ብሎ ቢያነብ፥ «ንጉሥ» ብሎም ቢያነብ ፊደሉ አይከለክለውም፤ የሚፈርደው አገባቡ ነው። እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ተማሪ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። በዚያው በኢዛና ዘመን በተቀረጹት በሌሎቹ ድንጋዮች ደግሞ ካዕቡ፥ ሣልሱ፥ ራብዑ፥ ኃምሱ፥ ሳድሱና ሳብዑ ተለይቶ ይታያል። የፊደላችን ሰባት ቤት በአንድ ንጉሥ ዘመን ሲወለድ በድንጋይ ላይ ማየት ለግእዝ መምህር ምን ያህል ደስታ ነው!

የድንጋዩ ነገርም ይህ ነው። የቤጃ ሕዝብ ስላመፀ ንጉሡ ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ላከባቸው፤ ስድስቱን አለቆቻቸውንም ከ4,400 ሰዎች ጋር ማርከው አመጡ፤ 3,112 ከብትና 6,224 በግም ተቈጥሯል። ንጉሡም ምርኮኞቹን አብልቶ፥ አልብሶ፥ በሌላ አገር አሰፈራቸው። ከዚህም በኋላ ድንጋዩን የሚያፈርሰውንና ከቦታው የሚያነሣውን ሰው ይረግማል። በዚህ ጽሕፈት ኢዛና የማሕረም ልጅ ይባላል፤ ማሕረም የአክሱም ሰዎች ከክርስትና በፊት ያመልኩት የጦር አምላክ ነው፤ ጽርኡም አሬስ ብሎ ተርጕሞታል።

በሌላ ድንጋይ ላይ ያው ኢዛና፥ የእለ አሚዳ ልጅ፥ ኖባን ድል ማድረጉን ይናገራል፤ ነገር ግን የማሕረም ስም ጠፍቷል። ኀይል የሰጠው የሰማይ ጌታ መሆኑን መላልሶ ይናገራል፤ ሕዝቡንም በጽድቅ ሊገዛ ይሳላል። በነዚህ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የአንድ መንግሥት ልብ ተለውጧል። ታሪኩን በስንክሳር ሰምተን ነበር፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እንዴት እንደ መጣ፥ እንዴትም እንዳስተማረ እናውቃለን። ድንጋዩ ግን ያን ዘመን በንጉሡ በራሱ ቃል ያሳየናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። መጻሕፍቶቻችን ክርስትናን የተቀበሉት ወንድማማቾች አብርሃና አጽብሃ ናቸው ይላሉ፤ ድንጋዩ ኢዛናና ሳይዛና ይላል። የሮም ቄሣር ቆስጠንጢዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ አክሱም የጻፈው፥ ቅዱስ አትናቴዎስም በመጽሐፉ ያቆየው መልእክት የተላከው ለአይዛናስና ለሳዛናስ ነው፤ ድንጋዩና መልእክቱ ይስማማሉ። ስለዚህ ድንጋዩ ትውፊትን አፈረሰ የሚሉ አሉ። ከሊቃውንቶቻችን ብዙዎቹ ግን አብርሃና አጽብሃ የነዚሁ ነገሥታት ሌላ ስማቸው ነው ብለው ያስማማሉ፤ ንጉሥ ሁለትና ሦስት ስም መያዙ በሀገራችን የታወቀ ነውና። ይህን ለመፍረድ በዚህ አጭር ጽሕፈት አንቸኵልም። የምንለው ይህ ነው፤ ድንጋይን የሚፈራ ሰው እውነትን የያዘ ሰው አይደለም። ትውፊት ሁለት ወንድማማቾች አለ፥ ድንጋዩም ሁለት ወንድማማቾች አለ፤ ትውፊት በዚያ ዘመን ሃይማኖት ተለወጠ አለ፥ ድንጋዩም ተለወጠ አለ። በስሙ ላይ ክርክር ቢኖር ሁለቱን ምስክሮች ጎን ለጎን አቁሞ መጠየቅ እንጂ አንዱን ከችሎት ማስወጣት አይገባም።

ስለ ሕንፃው የሠሩት ሥራም ከጽሕፈቱ አያንስም። ትልቁ ወድቆ ያለው ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው፤ ቆሞ የቀረው 21 ሜትር ያህል ነው፤ 24 ሜትር ያህል የሆነው ደግሞ በዚያን ጊዜ ተሰባብሮ በምድር ላይ ተጋድሞ ነበር። ክሬንከር በሩን፥ መስኮቱን፥ ፎቁንና የእንጨቱን ጫፍ የሚያስመስለውን ቅርጽ እያንዳንዱን ለክቶ ነደፈው። በምዕራብ በኩልም ታኣኻ ማርያም የሚባለውን ታላቅ የነገሥታት ቤት መሠረት ገለጡ፤ ስፋቱ 120 በ80 ሜትር ያህል ነበር። እንዳ ስምዖንንና እንዳ ሚካኤልንም መረመሩ። በመልሳቸውም የሐን፥ ደብረ ዳሞን፥ ቆሓይቶንና መጠራን ጐብኝተው ለኩ።

ይህ መለካት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይስማ። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን በያዘ ጊዜ በታኣኻ ማርያም ላይ መንገድ አወጣበት፤ ያ ታላቅ ቤት ፈረሰ። ዛሬ የቤቱን አሠራር ማወቅ የሚፈልግ ሰው መሬቱን ቢጠይቅ አይመልስለትም፤ በ1898 ዓ.ም. የተነደፈውን ወረቀት ይጠይቃል። 24 ሜትሩን ሐውልት ደግሞ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወሰዱት። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። በባዕድ አገር 68 ዓመት ያህል ሲኖር የጥንት ቦታው በየትኛው ሥፍራ እንደ ነበረ በመጽሐፍ ተጽፎ ምስክር ሆኖ ቆየ። ስለዚህ የለካ ሰው ጠባቂ ነው፤ ድንጋዩ ቢጠፋ እንኳ መልኩ አይጠፋም።

የጕዞው ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1913 በአራት ታላላቅ መጻሕፍት በበርሊን ታተመ፤ የመጀመሪያው ስለ ጕዞውና ስለ አክሱም ታሪክ፥ ሁለተኛው ስለ ጥንቱ ሐውልቶች፥ ሦስተኛው ስለ ቤቶችና ስለ አብያተ ክርስቲያናት፥ አራተኛው ስለ ጽሕፈቶቹ ነው። ሥራው ግን ነውር የሌለበት ነው አንልም። ቁፋሮው ፈጣን ነበር፤ ግድግዳ እየተከተሉ መሠረቱን ከመግለጥ በቀር የአፈሩን ድርብርብ አንድ በአንድ እየለዩ መመዝገብን የዘመኑ ጥበብ ገና አላስተማራቸውም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ስለ ቤቶቹ ዘመን ብዙ ነገር ሳይታወቅ ቀረ። ይህን የሞሉት ከሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው። በ1944 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአርኬኦሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬም በየሐ፥ በመጠራ፥ በአዱሊስ፥ በአክሱምም በዱንጉር ቈፈረ። ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974፥ ዴቪድ ፊሊፕሰን ከ1993 እስከ 1997 በአክሱም ሲቈፍሩ ከሐውልቶቹ ሥር ያሉት መቃብሮች በሚገባ ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኢዛና በጽርእ ቋንቋ ሥላሴን አምኖ የተናገረበት ድንጋይ ተገኘ፤ ሊትማን በሕይወት አልነበሩም እንጂ ቢያዩት ኖሮ ምን ያህል በተደሰቱ!

ሊትማን ከአክሱም ሲመለሱ በስትራስቡርግ በመምህራቸው በኖልደኬ ወንበር ተቀመጡ። ከዚያም በጎቲንገንና በቦን፥ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በቱቢንገን አስተማሩ። በ1914 እ.ኤ.አ. ለጥንት ነገሥታት በአማርኛ የተገጠመውን የምስጋና ግጥም መርምረው አሳተሙ፤ ይህም ከአማርኛ ጽሕፈት ሁሉ ከጥንቱ አንዱ ነው። በትለር በታናሽ እስያ በሰርዴስ ሲቈፍር የተገኘውን የልድያ ሰዎች ጽሕፈትም አነበቡ፤ ሰርዴስ በዮሐንስ ራእይ ከተጠሩት ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ከተሞች አንዷ መሆኗን አንባቢ ያስታውሳል። «ሺህ ሌሊትና አንድ ሌሊት» የተባለውንም የዐረብ መጽሐፍ በስድስት ክፍል ወደ ጀርመንኛ መለሱ። ሲያረጁም ወደ መጀመሪያ ፍቅራቸው ተመለሱ፤ ከማሪያ ሆፍነር ጋር የትግረን መዝገበ ቃላት ማሳተም ጀመሩ። መጽሐፉ ሳያልቅ በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1958) በቱቢንገን ዐረፉ፤ ባልደረባቸው እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ድረስ ፈጸመችው። በ1898 እ.ኤ.አ. በትግረ ግሥ የተጀመረ ሥራ በትግረ መዝገበ ቃላት ተዘጋ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልስ እንስጥ። ሊትማን ከኛ የተቀበሉት ቋንቋውን ነው፤ ከአባ ጎርጎርዮስ በሉዶልፍ በኩል፥ ከናፍዕ በቃል፥ ከደብተራ ዘነብ በጽሕፈት። ከራሳቸው ያመጡት ሦስት ነገር ነው፤ መለካት፥ መንደፍ፥ ማሳተም። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱም ከሰው አቅም በላይ የሆነ ምሥጢር የለውም። ሜትርና ወረቀት ያለው፥ ትዕግሥትም ያለው ሰው ይማረዋል። ቋንቋው ግን በሦስት ወር አይገኝም፤ እኛ ዘንድ ያለው ከባዱ ክፍል ነው፥ የጎደለን ቀላሉ ነው።

ይህን የምንለው በሩቅ ስላለው ስለ አክሱም ብቻ አይደለም፤ በኛም በጎጃም የሚጠይቀን ድንጋይ አለ። በእነብሴ ያለችው መርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠራቻት፥ በግራኝ ጦርነት የጠፋች፥ በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን እንደገና የሠሩባት ቦታ ናት። ጌጥ የተቀረጸበት የፍርስራሹ ግድግዳ ዛሬም ይታያል። ይህንንም ፍርስራሽ በመጽሐፍ አስቀድሞ የገለጠው ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ተዘዋውሮ በ1847 በለንደን አሳተመው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የስፔን ሊቃውንት ስለ ኢየሱሳውያን ሕንፃዎች ባወጡት ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ገብታለች። በመካከሉ ባለው 170 ዓመት ስንት የቅኔ መምህር በዚያ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ አስተምሯል! ቅኔውን አውርሶናል፤ የግድግዳውን ልክ ግን አላወረሰንም።

ስለዚህ በየአድባሩ ያላችሁ አለቆችና መምህራን፥ በደብረ ማርቆስና በየከተማው ያላችሁ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ሰዎች፥ ይህን ነገር ተካፈሉት። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲሱ ሊሠራ በሚታሰብበት ጊዜ፥ ከመፍረሱ በፊት ልኩ ይወሰድ፥ ፎቶግራፉ ይነሣ፥ የተቀረጸው ድንጋይና እንጨት በየት በኩል እንደ ነበረ ይጻፍ። የጥንት ድንጋይ ለአጥርና ለመሠረት አይወሰድ፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ከዐረፍተ ነገር እንደ ወጣ ቃል ነው፤ ቃሉ አለ፥ አገባቡ ግን ጠፍቷልና ማንም አይፈታውም። ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ ቢገኝ በቢላ አይፈቅፈቅ፥ በጠመኔ አይሞላ፤ እንዳለ ተሸፍኖ ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ይነገር። የቅኔ ቤት ተማሪ ልጅና ሜትር መያዝ የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ልጅ አብረው ይሂዱ፤ አንዱ ያንብብ፥ አንዱ ይለካ። ሊትማንና ክሬንከር የሠሩት ይህንኑ ነው።

ኢዛና ድንጋዩን ያቆመው ስሙ እንዳይረሳ ነው፤ የሚያፈርሰውንም ረገመ። እርግማኑ በማሕረም ስም ስለ ሆነ ላንፈራው እንችላለን። የልጅ ልጆቻችን መጥተው «ግእዙን ታውቁ ነበር፥ ድንጋዩም በደጃችሁ ነበር፤ ስለ ምን አላነበባችሁም?» ሲሉን ግን የምንመልሰው ያስፈራናል።